አርባው ሳይወጣ

በ1999 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ባለች የቀበሌ ቤት ውስጥ የነበሩት ታዴዎስ፣ ታናሽ እኅቱ ናዝሬት፣ እና ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከእንጦጦ ወርደው እዚያው የሰነበቱት አክስታቸው እትዬ የማርያምወርቅ ነበሩ። አባትየው ጋሽ ፀሐዬ ከሞቱ አንድ ወር ሆኗል፤ አርባቸው ገና አልወጣም። እትዬ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለአርባው ጠላ የሚሆነውን ጌሾ ያጸዳሉ። ናዝሬት ከረባት ይዛ ቆማለች። ታዴዎስ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ሆኖ በጥቁር ሸሚዙ ላይ ግራጫ ኮት ደርቦ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር በተሰቀለችው ትንሽ መስታወት ራሱን ያያል። መስታወቷ ከኮቱ ትከሻውን፣ ከፊቱ ደግሞ ጺሙን ብቻ ታሳያለች። ጺሙ ጉንጩን ሸፍኖ ወደ አንገቱ ወርዷል፤ ፀጉሩም ጆሮውን ሊሸፍን ነው። አባቱ የሞቱበት ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ በሰፈሩ ውስጥ ከዚህ ሌላ የሚያውቅ የለም።

«ይህን ማን ፈታው?» አለ ታዴዎስ ከረባቱን ሲያይ።

«አጠብኩት» አለች ናዝሬት። «የወጥ ጠብታ ነበረበት።»

ከረባቱ ታዴዎስ የጓደኛው የክብረት ሚዜ በሆነ ጊዜ ከሙሉ ልብሱ ጋር የተገዛ ነው። የሠርጉ ዕለት የሙሽራው አጎት አስሮለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቋጠሮው ተፈትቶ አያውቅም። ሲያወልቀው አላልቶ በራሱ ላይ ያወጣዋል፣ ሲለብሰው መልሶ ያጠብቀዋል። በዚያ ቤት ከረባት ማሰር የሚችል ሰው አልነበረም። ናዝሬት የሠራችውን አሁን ገና አወቀችና አፏን በእጇ ያዘች። ታዴዎስ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ከመጋረጃው ወዲያ የጌሾው ድምፅ ቆመ። እትዬ ቀና ብለው በመጋረጃው ክፍተት ኮቱን እያዩት ነበር።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሥራ ነው፣ እትዬ።»

«ሥራማ በየቀኑ ትሄዳለህ» አሉና ወደ ጌሾው ተመለሱ።

ታዴዎስ ኮቱን አወለቀ። ኮቱን፣ ሱሪውን፣ ነጩን ሸሚዝና የተፈታውን ከረባት አጣጥፎ በፌስታል ከተተ፤ ከላይ ጥቁር ሹራቡን ለብሶ ወጣ። በሩ ላይ እትዬን ለማለፍ እግሩን ከፍ ማድረግ ነበረበት። እሳቸው ፌስታሉን እንጂ ፊቱን አላዩም። እትዬ የማርያምወርቅ ለወንድማቸው ሐዘን ፀጉራቸውን የተላጩ፣ በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ላይ ካልሆነ አልተኛም ያሉ ሴት ናቸው። ልጅ የአባቱን አርባ ሳይጠብቅ ጺሙን ቢላጭ፣ አባቱን ሁለተኛ እንደ መቅበር ነው ብለው ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሲናገሩ ታዴዎስ በዚያው ሰሞን ሰምቷል።

ወደዚህ ነገር ያስገቡት ግን አለቃው ናቸው። ታዴዎስ የሚሠራው በአንድ የግል ባንክ መዝገብ ቤት ነው፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ያስገባል። በማታ ትምህርት ዲፕሎማውን ከያዘ ወዲህ ካውንተር ላይ ለመቀመጥ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በሲ.ኤም.ሲ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው ሲባል ለማክሰኞው ፈተና ተመዘገበ። የአባቱ የጥበቃ ደመወዝ ከቀረ ወዲህ እሱና ናዝሬት በመዝገብ ቤት ደመወዝ ብቻ መኖር እንደማይችሉ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም። ሰኞ ከሰዓት ፋይል ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ ገርበብ ካለው በር ወዲያ ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘነበ ለሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ለወይዘሮ ደብሪቱ ሲናገሩ ሰማ። «ልጁ ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ግን በዚያ ጺም? ደንበኛ ፊት ሐዘን አናስቀምጥም። ሰው ገንዘቡን ሊያስቀምጥ ሲመጣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል።» ወይዘሮ ደብሪቱ ምን እንደመለሱ አልሰማም። ፋይሉን ይዞ ተመለሰና ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ አለ። ሌሊቱን ሲያስበው አደረ፤ ሲነጋ ተላጭቶ ሊፈተን ወሰነ፤ ከፈተናው በኋላ በየትኛው ፊቱ ወደ ቤት እንደሚመለስ ግን አላሰበም።

ቁልቁለቱን ወርዶ የከበበ ፀጉር ቤት ገባ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስተካክለው ከበበ ነው፤ ሌላ ቤት መሄድ አልመጣለትም። ከበበ ገና ሱቁን እየጠረገ ነበር። ታዴዎስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ምን ላድርግልህ?» አለ ከበበ ፎጣውን እያራገፈ።

«ጺሙን።»

ከበበ ፎጣውን መልሶ ሰቀለው። «ጺሙን ምን?»

«ላጨው። ፈተና አለብኝ።»

«ታዴ፣ ቀልድህን ነው አይደል? ቃሬዛውን በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜ ሚካኤል ያደረስኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ አርባው ሳይወጣ በልጁ ፊት ላይ ምላጭ ላነሣ? አክስትህ ይህን ሱቅ ከነመስታወቱ ነው የሚያቃጥሉት።»

«አያውቁም።»

«ፊትህ ላይ እኮ ነው ወንድሜ! ጥርስ አይደል የምትነቅለው። እንዴት ነው የማያውቁት?»

ታዴዎስ ፌስታሉን ያዘ። ተነሣና «ይቅርታ» አለ። ለምን ይቅርታ እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ ሲያፍር የሚመጣለት ቃል እሱ ነው። ወጥቶ ትንሽ ሄዶ ዘወር ሲል ከበበ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ፣ መጥረጊያውን እንደያዘ፣ ዳገቱን ወደነሱ ቤት አቅጣጫ ሲወጣ አየው። ከዚያ በኋላ መመለስም አለመመለስም አንድ ሆነ። ነገሩ እትዬ ጆሮ ከደረሰ፣ ቢላጭም ባይላጭም ያው ነው፤ እንግዲያው ተላጭቶ ሥራውን ቢያገኝ ይሻላል። እንዲህ ብሎ አስቦ ታክሲ ያዘ።

መገናኛ ላይ በቆርቆሮ በተሠራ ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ማስቲካ የሚያኝክ ወጣት አስቀመጠው። መላጨት በስድስት ብር የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ወጣቱ ጥቁሩን ሹራብ አየና ማስቲካውን አቆመ። «የማን ሐዘን ነው?» «የአባት።» «እግዜር ያጽናህ። አርባው ወጥቷል?» ታዴዎስ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ጺማም ሰው እያየ «ወጥቷል» አለ። ወጣቱ ማኘኩን ቀጠለ። ጺሙ በፎጣው ላይ ተጠቅልሎ ሲወርድ፣ ታዴዎስ አባቱ ሲታመሙ በመጨረሻው ሳምንት እሱ ራሱ ይላጫቸው እንደነበር ትዝ አለው፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ፊቱ ሁለት ቀለም ሆኗል። ከዓይኑ በታችና ግንባሩ ፀሐይ የመታው ጠይም ነው፤ ጺሙ የነበረበት ቦታ ግን ቀላ ብሎ ራቁቱን የቀረ ይመስላል። ወጣቱ አልኮል እየቀባው «ሦስት ቀን ፀሐይ ሲመታው ይስተካከላል» አለ። ፈተናው ሦስት ቀን የሚጠብቅ አልነበረም። እዚያው ፀጉር ቤት ካለ መጋረጃ ጀርባ ልብሱን ለወጠ፤ ጥቁሩን ሹራብ በፌስታሉ ከተተ። ከረባቱን ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ የመጀመሪያው የበግ ገመድ መሰለ፣ ሁለተኛው ጨርሶ አልጠብቅ አለ። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

አዲሱ ቅርንጫፍ ቀለሙ አልደረቀም። ወንበሮቹ ፕላስቲካቸው አልተገፈፈም፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻሉ። ከውጭ የሚታዩት ቪላዎች በራቸው ሁሉ የተዘጋ ነው፤ መንገዱ ላይ የሚሄደው ሰውም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የካ ሚካኤል እንደዚያ የሚሄድ የለም። ታዴዎስ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አጠገቡ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ዋቅጅራ የሚባል ተፈታኝ ተቀምጧል። ከረባቱ ቀጥ ብሎ፣ ቋጠሮው ትንሽና ንጹሕ ነው። ታዴዎስ እያየው እንደሆነ ዋቅጅራ አወቀ።

«የአንተስ?» አለ ወደ አንገቱ እያመለከተ።

ታዴዎስ ከኪሱ አወጣው። «እኅቴ አጥባ ፈታችው።»

ዋቅጅራ ሳቁን ለመያዝ ሞክሮ አልቻለም። «አምጣው። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ሁላችን ከረባት ነው የምናስረው፤ እሑድ እሑድ የማስርላቸው እኔ ነኝ። አንዳንዱማ አንገቱ በርሜል ነው፤ ያንተ እንኳ ቀላል ነው።» ከረባቱን በራሱ አንገት ላይ አስሮ፣ አላልቶ አወጣና በታዴዎስ ራስ ላይ አጠለቀው።

«እኔ አልፌ አንተ ብትወድቅስ?» አለ ታዴዎስ። ለማያውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ተናግሮ አያውቅም፤ ራሱንም ገረመው።

«እንግዲያው አጥብቄ ላስርልህ። ትንፋሽ ሲያጥርህ እኔ እገባለሁ።»

ከዚያ ዋቅጅራ ፊቱን ልብ ብሎ አየው፤ ቀላ ያለውን ቦታ አየ፤ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ጥቁር ሹራብም አየ። አልጠየቀም። የኮቱን አንገት አስተካከለለትና «በርታ» አለው።

ፈተናው ክፍል ውስጥ አቶ ዘነበና ወይዘሮ ደብሪቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ታዴዎስ ሲገባ አቶ ዘነበ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ አገጩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ፈካ አለ። «ቁጭ በል፣ ታዴዎስ። እንዲህ ነው እንጂ ሰው!» አሉ። መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ደንበኛ ገንዘብ ካላወጣሁ ብሎ ቢጮህ ምን ታደርጋለህ ብለው ጠየቁት። ታዴዎስ ድምፁን ሳይጨምር መለሰ፤ መጀመሪያ አስቀምጠዋለሁ፣ ቀጥሎ ደንቡን እነግረዋለሁ፣ ካልሆነ አለቃዬን እጠራለሁ አለ። አቶ ዘነበ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው ያዩት ነበር። የሰፈር ትልቅ ሴት ይመስላሉ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ።

«አባትህ ናቸው ያረፉት፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አርባቸው ወጣ?»

መገናኛ ላይ ለፀጉር አስተካካዩ የተናገረው ቃል አፉ ላይ መጣ። ግን የሳቸው ዓይን የፀጉር አስተካካዩ ዓይን አልነበረም። «አልወጣም» አለ።

«ታዲያ ምነው?»

ታዴዎስ የተፈተነውን ሁሉ አሁን እንደጣለው ገባው። ከትናንት ጀምሮ ጺሙ ያስጥለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አሁን የሚጥለው ጺሙን መላጨቱ ነው። ላቡ በአዲሱ ቋጠሮ ሥር ወረደ። ደግ ነገር ለመናገር ቢፈልግ እንኳ አልመጣለትም፤ የሆነውን ብቻ ተናገረ።

«ደንበኛ ፊት ሐዘን አይቀመጥም ሲባል ሰማሁ።»

አቶ ዘነበ ከፊታቸው ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመሩ፤ ወረቀቱ ግን ቀድሞም የተስተካከለ ነበር። ከውጭ ባለው ክፍል የአንድ ሰው ወንበር ተንኮሻኮሸ። ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ አቶ ዘነበ ዞሩ፤ ቆይተው ነው ዓይናቸውን የመለሱት። ከዚያ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ» አሉት። አቶ ዘነበም ግማሽ ያህል ተነሥተው «ያጽናህ፣ ያጽናህ» አሉ። ታዴዎስ ወጣ። ዋቅጅራ «እንዴት ነበር?» ሲለው «አላውቅም» አለው፤ እውነቱን ነበር።

ሥራ ቦታው ለዕለቱ ፈቅዶለታል። መገናኛ ደርሶ ጥቁሩን ሹራብ በኮቱ ላይ ሊለብስ አሰበና ተወው፤ ፊቱን በምን ይሸፍናል? ዳገቱን ቀስ ብሎ ወጣ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የወረዱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲያልፉት መንገድ ለቀቀላቸው፤ አንዷ ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ አይታው «ሙሽራው፣ ብቻህን ነው እንዴ?» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። የከበበ ሱቅ በቁልፍ ተዘግቷል። ከበበ በሥራ ቀን ከሰዓት ሱቁን የሚዘጋው ለቅሶ ሲሆን ብቻ ነው። ታዴዎስ ቁልፉን ሲያይ የት እንዳለ ገባው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚካኤልን ግቢ ዞረ፤ ጥድ ሥር ተቀመጠ፤ መልሶ ተነሣ። ፀሐይዋ ወደ ኮልፌ ስታዘነብል ሌላ የሚሄድበት ቦታ ስላልነበረው ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቱ ሞልቷል። ሊያጽናኑ የመጡ ጎረቤቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ነገሳ መሀል ላይ በትራቸውን ተደግፈዋል፤ ከበበ ከጎናቸው ነው። ናዝሬት ውኃ የያዘ ጆግ በእጇ ይዛ እንደቆመች ደርቃ ቀረች። እትዬ የማርያምወርቅ ጥቁር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከግድግዳው ተጠግተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ታዴዎስ ደፉን ሲረግጥ ወሬው ተቋረጠ። አንዲት ሴት «ውይ» አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሠርግ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ነገሳ። ድምፃቸው ቀልድ ይመስላል፤ ፊታቸው ግን አይቀልድም። «ፀሐዬን እኮ የቀበርነው አሁን ነው። አፈሩ አልደረቀም።»

ታዴዎስ «ይቅርታ» ሊል አፉን ከፈተ።

«እኔ ነኝ ተላጭ ያልኩት» አሉ እትዬ።

ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ እየነካኩ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ። «ሌሊት ፀሐዬ መጣብኝ። ያቺን የጥበቃ ካኪውን ለብሷል፤ አንገቷን ተኩሷታል። ‹እኅቴ፣ ልጄን ምነው እንደ ባሕታዊ አደረጋችሁት?› አለኝ። ‹እኔ በር ስጠብቅ ኖሬ እንኳ ሳልላጭ ከቤት የወጣሁበት ቀን አለ?› አለኝ። አርባህ አልወጣምኮ፣ ፀሐዬ፣ አልኩት። ‹አርባው የኔ ነው፤ ፊቱ የሱ ነው› ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ሲነጋ ተነሣ ተላጭ አልኩት።»

ጋሽ ነገሳ በትራቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እሱ ካለማ» አሉ በመጨረሻ። «ከሟች ጋር ማን ይከራከራል? እውነትም ፀሐዬ ንጹሕ ሰው ነበር።» ሴቶቹ «ነበር እንጂ፣ ነበር እንጂ» አሉ። አንዷ አንገትጌውን ሲተኩስ በዓይኗ እንዳየችው ተናገረች፤ ሌላዋ ደግሞ ስለ ጫማው ጀመረች።

ከበበ ግን ዝም ማለት አልቻለም። «እትዬ፣ እኔ እኮ ጠዋት መጥቼ ስነግርዎት ደንግጠው ነበር! ጌሾው ከእጅዎ ወደቀ!»

«የደነገጥኩት» አሉ እትዬ፣ «አልላጭም ብለህ እንደመለስከው ስሰማ ነው። የሟችን ቃል አንተ ማን ሆነህ ነው የምትመልሰው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ጋሽ ነገሳ ሳይቀሩ ሳቁ፤ ከበበም እጁን አንሥቶ «አጠፋሁ፣ አጠፋሁ» አለ። ናዝሬት ጆጉን አስቀምጣ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ እያለቀሰች እንደሆነ ታዴዎስ ብቻ አወቀ። እሱ በሩ ሥር ባገኘው ቦታ ተቀመጠ። ማንም ተነሥ አላለውም።

ሰዉ ከተሸኘ በኋላ እትዬ ወደ በርጩማቸው ተመልሰው እግራቸውን ዘረጉ። ውጭ ገና ብርሃን ነበር። ታዴዎስ ፊታቸው ቆመ።

«እትዬ፣ እውነት አባቴን አይተውት ነው?»

«ና ወደ ብርሃኑ» አሉት።

ጎንበስ ሲል አገጩን ይዘው ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ወደ ግራ አዞሩት። በአውራ ጣታቸው ቀላ ያለውን ቦታ ዳሰሱ። እጃቸው ጌሾ ጌሾ ይሸታል። «የማን እጅ ነው ይኼ? ከጆሮህ ሥር ትቶልሃል» አሉ። «ሂድ እራትህን ብላ።»

ዓርብ ዕለት ወይዘሮ ደብሪቱ መዝገብ ቤት ድረስ ወርደው ማለፉን ነገሩት። ዋቅጅራም አልፏል። ሁለቱ በተከታዩ ሳምንት በሲ.ኤም.ሲ ቅርንጫፍ ጎን ለጎን ካውንተር ላይ ተቀመጡ። በአርባው ዕለት ታዴዎስ ፈቃድ ወስዶ፣ ጥቁር ለብሶና ተላጭቶ እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ፤ እትዬም በማግስቱ ወደ እንጦጦ ተመለሱ።